ቤት መስጠት ደመወዝ መክፈል አይደለም
ስለ ግቢያችን ነዋሪ ኃላፊ ቅጥርና ክፍያ፤ በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነበበ ቃል

(ባለፈው እሑድ በተደረገው ስብሰባ ላይ የተገኘው የ71 ቤት ሰው ብቻ ስለ ነበረ፣ ያልተገኛችሁ አባሎች አንብባችሁ እንድትመክሩበት ንግግሩ እንዳለ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ኮሚቴው ወስኗል።)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ይኸውም እዚሁ ግቢያችን ውስጥ እየኖረ ግቢውን የሚጠብቅና የሚያስተዳድር ኃላፊ እንቅጠር ወይስ አንቅጠር፤ ከቀጠርንስ ምን እንክፈለው የሚለው ነው። ጉዳዩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ በፊት ቀጥረን ያበላሸነው እኛው ስለ ሆንን፣ ያበላሸነውን ሳንናገር አዲስ ነገር አምጥተን አጽድቁልን ማለት አይገባንም።

እንደምታውቁት ግቢያችን 6 ሕንፃ አለው። በየሕንፃው 20 ቤት፣ በጠቅላላው 120 ቤት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራውን መጠቀሚያ የማስተዳደሩን ኃላፊነት የሰጠው ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ የውሃ ማጠራቀሚያው፣ የፍሳሽ መስመሩ፣ የግቢው መብራት፣ በሩና አጥሩ የእኔ ወይም የእገሌ አይደለም፤ የሁላችን ነው። የሁላችን የሆነ ነገር ደግሞ አንድ የሚያየው ሰው ካልተመደበለት የማንም አይሆንም። ይኼን ባለፈው ዓመት በደንብ አይተነዋል።

በ2011 ዓ.ም. አንድ ሰው ቀጥረን ነበር። ስሙን እዚህ አንጠራም፤ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለቤቱንና ሕፃን ልጁን ይዞ ከጋራ መጠቀሚያው ቤት በአንደኛው ክፍል ገባ። የጽሑፍ ውል አልነበረም። «ና ግባ፣ ግቢውን ጠብቅ፣ 2,500 ብር እንሰጥሃለን፣ ቤቱም ነፃ ነው» አልነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ስለ ደመወዙ ተነጋግረን አናውቅም። ኑሮው ተወዶብኝ ተቸገርኩ ብሎ በመጣ ጊዜ የምንመልስለት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ቤት ሰጥተንህ የለም ወይ? ይህ ክፍል ውጭ ቢከራይ እኮ 3,000 ብር ያወጣል፤ ስለዚህ የምታገኘው 5,500 ብር ነው» እንለው ነበር።

ሂሳቡ ትክክል ይመስለን ነበር። በኋላ ሕጉን የሚያውቁ አንድ አባላችን አንብበው ሲያስረዱን ግን አፈርን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ ነው ይላል። ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙ በዓይነት መክፈል ይቻላል፤ ነገር ግን በዓይነት የሚከፈለው ከአካባቢው የገበያ ዋጋ መብለጥ የለበትም፤ በምንም መንገድ ደግሞ በገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ ሊበልጥ አይችልም። በገንዘብ የምንከፍለው 2,500 ብር ከሆነ፣ 30 በመቶው 750 ብር ነው። ስለዚህ ክፍሉን ከ750 ብር በላይ አድርገን ልንቆጥርበት አንችልም ነበር። እኛ 3,000 ብር ብለን ቆጠርንበት። ለዚያውም እሱ ሳይስማማ፣ ሳይፈርም።

የሥራ ሰዓቱስ? ሰዓት የሚባል ነገር አልነበረውም። እዚሁ ስለሚያድር ሌሊቱም ቀኑም የእኛ ነው ብለን አሰብን። ውሃ በፈረቃ ሌሊት ሲመጣ የሚቀሰቀሰው እሱ ነው። ቁልፍ የረሳ ሰው በሌሊት የሚያንኳኳው የእሱን በር ነው። ጋዝ ሲሊንደር አራተኛ ፎቅ የሚያወጣው፣ ጤፍ ከመኪና የሚያወርደው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚቀበለው እሱ ነው። አንዷ እናታችን በስብሰባ ላይ «እኛ እኮ 120 አለቃ ነን፤ እሱ ግን አንድ ሰው ነው» ብለው ነበር፤ ያን ጊዜ ሳቅን። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ወርኃዊ መዋጮውን ከየቤቱ እየዞረ በእጁ የሚሰበስበው እሱ ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሂሳቡ ሲታይ 1,800 ብር ጎደለ። ይኼ የ12 ቤት መዋጮ ነው። ማንንም ሳንጠይቅ፣ መዝገብ በደንብ ሳናገላብጥ፣ ከታኅሣሥ ደመወዙ ላይ ሙሉውን በአንድ ጊዜ ቆረጥንበት። ለገና በዓል 700 ብር ይዞ ቤቱ ገባ። አዋጁ ግን ከአንድ ወር ደመወዝ ላይ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከሲሶው አይበልጥም ይላል። ሲሶው 833 ብር ነው። እኛ ከእጥፍ በላይ ቆረጥን።

በጥር ወር ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ማንም አልሸኘውም።

በመጋቢት ወር ሂሳብ መርማሪዎቻችን የዓመቱን ሰነድ ሲያስተካክሉ አንድ ደረሰኝ ከራሳችን ከኮሚቴው ማኅደር ውስጥ ተገኘ። የተዘጋ የፍሳሽ መስመር ለከፈተ ሠራተኛ 1,800 ብር የተከፈለበት ነው። ክፈል ብለን በስልክ ያዘዝነው እኛው ነን። ደረሰኙንም አምጥቶ ያስረከበን እሱ ነው። ረስተነው ነበር።

ወገኖች፣ ይኼን ስንናገር ቀላል ሆኖልን አይደለም። ከግቢያችን ሁለት ሽማግሌዎች ይዘን ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው፤ 1,800 ብሩንም መለስንለት። ገንዘቡን ተቀበለ። ተመለስ ስንለው ግን ሌላ ቦታ ሥራ ይዣለሁ አለን። አንድ ነገር ብቻ ለመነን፤ ገንዘብ እንዳላጎደለ የሚገልጽ ወረቀት ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠው። ጽፈን ሰጠነው። ዛሬም በእናንተ ሁሉ ፊት በድጋሚ እንናገራለን፤ ያ ሰው የማኅበሩን አንድ ሳንቲም አልነካም።

እሱ ከሄደ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። «ሰው መቅጠር ምን ያደርጋል፣ በተራ እንሥራው» ተባለ። ለየሕንፃው አንድ ሳምንት ተራ አወጣን። የመጀመሪያው ወር ደህና ነበር። በሁለተኛው ወር ተራው የእኔ መስሎ አልታየኝም የሚል በዛ። በሚያዝያ ወር አንድ ሌሊት የመሬቱ ማጠራቀሚያ ውሃ ጨርሶ ሳለ ፓምፑን ያጠፋው ሰው አልነበረም። ፓምፕ ያለ ውሃ ሲሽከረከር እንደሚቃጠል የቀድሞው ሰው ያውቅ ነበር፤ ባለተራው አላወቀም። አዲስ ፓምፕ 46,000 ብር ተገዛ። ለ120 ቤት ሲካፈል በየቤቱ 383 ብር ነው። እስኪገዛ ድረስ አሮጊቶቻችን በጄሪካን ውሃ አምስተኛ ወለል ሲያወጡ አይተናል። ክረምት ሲገባም የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ በመጀመሪያው ሕንፃ ደጅ ፈሰሰ፤ አስቀድሞ መኪና የሚጠራ ሰው አልነበረም።

ከአባሎቻችን የአንደኛዋ ልጅ አሜሪካን አገር በካሊፎርኒያ ትኖራለች። እዚያ በተንቀሳቃሽ ቤቶች መንደር የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ። የዚያ ክፍለ ግዛት ሕግ 50ና ከዚያ በላይ ቤት ያለው እንዲህ ያለ መንደር ኃላፊው እዚያው እንዲኖር ያስገድዳል። 16ና ከዚያ በላይ ቤት ላለው የኪራይ ሕንፃም እንዲሁ ኃላፊ ወይም ጠባቂ እዚያው መኖር አለበት። እኛ 120 ነን። ሌላ አገር ያለው ለእኛ ሕግ አይሆንም፤ ነገር ግን ብዙ ቤት ባለበት ቦታ የሚኖር ኃላፊ ማስፈለጉ የእኛ ብቻ ፈሊጥ አለመሆኑን ያሳያል።

እንግዲህ ኮሚቴው መክሮ ያቀረበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ሥራው በዝርዝር ይጻፍ፤ ፓምፑንና ማጠራቀሚያውን መቆጣጠር፣ የደረጃና የግቢ መብራት መከታተል፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን በየሳምንቱ ማየት፣ ጽዳት ሠራተኞችንና የሌሊት ጥበቃዎችን ማስተባበር፣ ብልሽት ሲኖር ለኮሚቴው ማስታወቅ። የሙከራ ጊዜው ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት ከ60 የሥራ ቀን ሳይበልጥ በውሉ ላይ ይገለጽ። በሙከራ ላይ ነህ ተብሎ ደመወዙ እንዳይቀነስበት።

ሁለተኛ፤ ሰዓቱ ይታወቅ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት። ይኼ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የሕጉ ጣሪያም ይኸው ነው። እሑድ ዕረፍቱ ነው፤ ተተኪ ይመደባል። እዚህ ማደሩ ሥራ ላይ መሆኑን አያሳይም። በሌሊት የሚቀሰቀሰው በሦስት ነገር ብቻ ይሁን፤ በእሳት፣ በተፈነዳ የውሃ መስመር፣ በኤሌክትሪክ አደጋ። ሌሊት ውሃ ሲመጣ ፓምፑን የሚያበሩና የሚያጠፉ የሌሊት ጥበቃዎቻችን ይሆናሉ፤ እሱ ያሠለጥናቸዋል። ቁልፍ የረሳ ሰው ጥበቃዎቹን ይጠይቅ። ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ከሠራ በሕጉ ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው።

ሦስተኛ፤ ደመወዙ በወር 8,000 ብር ይሁን፤ ክፍሉ ከዚህ ውስጥ አይቆጠር። ክፍሉን የምንሰጠው ሥራው እዚህ መኖርን ስለሚጠይቅ ለእኛ ጥቅም ነው፤ ስጦታ አይደለም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የግብር ማሻሻያ መሠረት ከ8,000 ብር ላይ የሥራ ግብር 1,150 ብር ይቆረጣል፤ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ 560 ብር ይቆረጣል። በእጁ የሚገባው 6,290 ብር ነው። እኛ በአሠሪነታችን 11 በመቶ፣ ማለትም 880 ብር ጡረታ እንጨምራለን። የቀድሞው ሰው ስድስት ዓመት ሲያገለግለን አንድም ወር ጡረታ አልከፈልንለትም። ያ ስድስት ዓመት በእርጅናው ጊዜ የሚጎድልበት ነው። ይኼ እንዳይደገም።

አራተኛ፤ ገንዘብ በእጁ አይግባ። ይኼን የምንለው ስላላመንነው አይደለም፤ ለእሱም ለእኛም ጥበቃ ነው። መዋጮው በባንክ ወይም በቴሌብር በቀጥታ ወደ ማኅበሩ ሂሳብ ይግባ። ለአምፖል፣ ለመጥረጊያና ለመሳሰለው ጥቃቅን ወጪ 1,000 ብር ይያዝለት፤ ደረሰኝ ሲያቀርብ ይተካለት። ደረሰኙን የተቀበለው የኮሚቴ አባል እዚያው ፈርሞ ግልባጩን ይስጠው። ያ ፊርማ በ2017 ዓ.ም. ቢኖር ኖሮ አንድን ቤተሰብ ከዚህ ግቢ አናስወጣም ነበር።

አምስተኛ፤ አለቃው አንድ ይሁን። ትእዛዝ የሚሰጠው ኮሚቴው የሚወክለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ነዋሪ ብልሽት ሲያይ በጥበቃ ቤቱ በሚቀመጠው መዝገብ ላይ ቀኑን፣ የቤት ቁጥሩንና ነገሩን ይጻፍ፤ መጻፍ የማይችል ጥበቃውን ያስጽፍ። የግል ሥራ፣ ማለት ሲሊንደር ማውጣት፣ ዕቃ መጫን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በፈቃዱና በተስማማበት ዋጋ ብቻ ይሁን።

ስድስተኛ፤ ከሥራው ሲወጣ የክፍሉ ጉዳይ ከወዲሁ ይጻፍ። ቤቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ ሲሆን ሥራውን ያጣ ሰው በአንድ ቀን ቤቱንም ያጣል። ይኼ ሰውን ያስፈራል፤ የሚፈራ ሰው ደግሞ የተበላሸውን አይናገርም፤ እውነቱን አይነግረንም። ስለዚህ ውሉ ሲቋረጥ ሕጉ የሚጠይቀው ማስጠንቀቂያ ካለቀ በኋላ ተጨማሪ 30 ቀን በክፍሉ ይቆይ። ማስጠንቀቂያው የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ለሠራ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ ሁለት ወር ነው።

ሰባተኛ፤ ቅጥሩ በማስታወቂያ ይሁን። በዚሁ ሰሌዳ ላይ ለአሥር ቀን ይለጠፍ። ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ስለ ውሃና መብራት የሚያውቅ፣ ዋስ የሚያቀርብ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት መወዳደር ይችላል። የኮሚቴ አባል ዘመድ አይወዳደር። ይኼ የሚመለከተው እኛን ነው፤ ከወዲሁ እንቀበላለን።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ወርኃዊ መዋጯችን 150 ብር ነው። ይኼ ለጥበቃዎች፣ ለጽዳትና ለጋራ መብራት ያልቃል። ስለዚህ በየቤቱ 100 ብር ጨምረን 250 ብር እንዲሆን እንጠይቃለን። ከ120 ቤት 12,000 ብር ይገኛል። የሚወጣው እንዲህ ነው፤ ደመወዝ 8,000፣ የአሠሪ ጡረታ 880፣ የእሑድ ተተኪ በቀን 300 ብር ሂሳብ ለአራት እሑድ 1,200፣ ለስልክ ካርድ 200፣ ለሥራ ስንብት ክፍያ መጠባበቂያ 667 ብር። ድምሩ 10,947 ብር ነው። 1,053 ብር ይተርፋል።

ከዚህ ከተረፈው ላይ አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን። በጡረታ ብቻ የሚኖሩ 7 ቤት አባሎቻችን አሉ። ለእነሱ 100 ብር ቀላል አይደለም፤ የዳቦ ገንዘብ ነው። ጭማሪው ለእነዚህ ቤቶች 50 ብር እንዲሆን ብንስማማ የሚጎድለው 350 ብር ነው። 703 ብር ይቀራል። ይኼ ደግሞ ለዓመት ፈቃድ ተተኪና ለሌሊት ትርፍ ሰዓት ይውላል። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በቀን 300 ብር ሲሰላ በዓመት 4,800፣ በወር 400 ብር ማለት ነው። የቀረው 303 ብር ሌሊት ለሚጠራበት ጊዜ ይሆናል። የሰባቱን ቤት ስም አንለጥፍም፤ የሚመለከታቸው ለገንዘብ ያዡ ለብቻቸው ይንገሩ።

«ርካሽ ሰው እናገኛለን፣ ቤት ከሰጠነው በ3,000 ብር የሚገባ ሞልቷል» የሚሉ አባሎች አሉ። እውነት ነው፣ ይገኛል። ችግረኛ ሰው መቼም አይታጣም። ነገር ግን እንዲያ አድርገን የቀጠርነውን ሰው እንዴት እንደሸኘነው አሁን ሰማችሁ። ለቤተሰቡ የማይበቃ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ፓምፑ ሲቃጠል እሱ ሌላ ቦታ ነው። በርካሽ አገኘን ያልነው በ46,000 ብር ተከፈለ።

«ቤቴን አከራይቻለሁ፣ እኔ አልኖርበትም» የሚሉም አሉ። ጣሪያው ግን የእርስዎም ነው። ቤቱን መሸጥ የፈለጉ ዕለት ገዢው መጀመሪያ የሚያየው ደረጃውንና የውሃውን ነገር ነው። መዋጮው የባለቤቱ ግዴታ ነው፤ ከተከራይ ጋር እንዴት እንደሚካፈሉ የእናንተ ስምምነት ነው።

የምንለው ይኼው ነው። እኛ የኮሚቴ አባሎች ያለ ደመወዝ የምናገለግል ሰዎች ነን፤ ሁላችንም የየራሳችን ሥራ አለን። ስንሳሳት የሚያርመን ጉባኤው ነው። በቀድሞው ሠራተኛ ላይ ያደረስነው በደል በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲመዘገብ ራሳችን ጠይቀናል፤ ወደፊት የሚመረጥ ኮሚቴ ሁሉ እንዲያነበው።

ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በጋራ መጠቀሚያው ቤት ነው። የሚያስፈልገው ቢያንስ የ61 ቤት ድምፅ ነው። መምጣት የማይችል በፊርማው ሰው ይወክል። ተቃውሞ ያለውም ይምጣ፤ ደረጃ ላይ ከመነጋገር ጉባኤ ላይ መነጋገር ይሻላል። የውሉ ረቂቅ በጥበቃ ቤቱ ተቀምጧል፤ ማንበብ የፈለገ ሁሉ ጠይቆ ማየት ይችላል፤ ማንበብ ለማይችሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛው ተገኝተን እናነባለን።

አዲስ የሚመጣው ሰው ከነቤተሰቡ ከመካከላችን የሚኖር ጎረቤታችን ነው። ጎረቤት አድርገን እንቀበለው፤ ሠራተኛ ነውና ደግሞ ደመወዙን በወሩ መጨረሻ ቀን፣ ሳይለምነን እንስጠው።



የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው